128 ጊጋ ፍላሽ ከወራት በኋላ፦ ባዶ ቦታ ሞልቶ «ፋይሉ ትልቅ ነው» የሚለው ጣጣ

ይህን ፍላሽ ከግማሽ ዓመት በላይ ተጠቅሜበታለሁ። እንደ ዕቃ ብዙ እንከን አይወጣለትም። አካሉ ብረት ነው። ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ሲጋጭ ከርሞ ከመጫጫር በቀር ምንም አልሆነም። ትልቅ ነገር ኮፒ ሲደረግበት ግን ይግላል። ሲጽፍም መጀመሪያ ይሮጥና ጥቂት ጊጋ ከሄደ በኋላ ይዝላል።

መጀመሪያ ሰሞን ግን አናዶኛል። 6 ጊጋ የሚሆን ቪዲዮ ልጭንበት ስል ዊንዶውስ «ፋይሉ ለመድረሻው ፋይል ሲስተም በጣም ትልቅ ነው» ብሎ እምቢ አለ። ፍላሹ ላይ ደግሞ ከ100 ጊጋ በላይ ባዶ ቦታ አለ! ብዙ ሰው እዚህ ላይ ወይ ፍላሹ ተበላሽቷል ይላል፣ ወይ ያሉትን ፋይሎች ማጥፋት ይጀምራል። ሁለቱም ምንም አይፈይዱም።

ፍላሹን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ግቡና ፋይል ሲስተም (ፋይሎች ፍላሹ ላይ የሚቀመጡበትና የሚመዘገቡበት ሥርዓት) ከሚለው አጠገብ ያለውን እዩ። የእኔ «ፋት32» ይላል። ነገሩ ያለው እዚያ ነው። ፋት32 በ1996 በዊንዶውስ 95 ዘመን የመጣ ነው። የእያንዳንዱን ፋይል መጠን የሚመዘግበው በ32 ቢት ነው። በ32 ቢት የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 ነው፤ በባይት ሲቆጠር 4 ጊጋ ገደማ ማለት ነው። ፋይሉ ከዚያ በአንዲት ባይት ከበለጠ መጠኑ የሚመዘገብበት ቦታ የለም፤ አለቀ። 3 ጊጋ የሆኑ 30 ፋይሎች ያለ ችግር ይገባሉ። 5 ጊጋ የሆነ አንድ ፋይል ግን አይገባም።

አምራቾች በፋት32 የሚሸጡበት ምክንያት ይገባኛል። ቴሌቪዥኑም፣ የመኪናው ቴፕም፣ ፕሪንተሩም ያነበዋል። ግን ማሸጊያው ላይ 128 የሚለውን ያን ያህል አግዝፎ የጻፈ ሰው ስለ 4 ጊጋው አንዲት መስመር ቢጨምር ምን ነበረበት?

መፍትሔው ቀላል ነው። የነበረውን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ገልብጬ ፍላሹን የ4 ጊጋው ገደብ በሌለበት በኤክስፋት ፋይል ሲስተም ፎርማት አደረግኩት። ፎርማት ያለውን ሁሉ ጠራርጎ እንደሚያጠፋ አትርሱ። ዳታው ሳይነካ መቀየር ለሚፈልግ ዊንዶውስ ውስጥ ኮንቨርት የሚባል ትእዛዝ አለ። እሱ ግን የሚቀይረው ወደ ኤንቲኤፍኤስ፣ ወደ ዊንዶውስ የራሱ ፋይል ሲስተም፣ ብቻ ነው። እኔ ማክም ስለምጠቀም አልተመቸኝም፤ ማክ በራሱ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። ኤክስፋት ሁለቱም ላይ ይሠራል። ሊኑክስም ከከርነል (ከሲስተሙ እምብርት) 5.4 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2019 ወዲህ፣ ይደግፈዋል።

ፎርማት ማድረግ የማይቻል ከሆነ ሰቨን ዚፕ የተባለው የፋይል መጭመቂያ ፕሮግራም ፋይሉን ቆራርጦ ያስገባላችኋል። ለማጓጓዝ ይጠቅማል። ቪዲዮ ከሆነ ግን መልሳችሁ ሳትገጣጥሙት አይከፈትም።

ከለወጥኩት ወዲህ ያን መልእክት ዳግም አላየሁትም። ኤክስፋትም የራሱ ነገር አለው። እንደ ኤንቲኤፍኤስ ጆርናል (ለውጦችን አስቀድሞ የሚይዝ መዝገብ) የለውም፤ ፋይል እየተጻፈ ሳለ ከተነቀለ ለመበላሸት ቅርብ ነው። ኢጀክት ሳትሉ አትንቀሉት። አሮጌው ቴሌቪዥኔም ጭራሽ አያውቀውም። ለእሱ 16 ጊጋ የሆነች ፍላሽ በፋት32 ትቼለታለሁ። ከ4 ጊጋ ያለፈ ፊልም ሲሆን ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ እሰካለሁ።