ገጭቶ ያመለጠ መኪና ላጋጠመው ሰው ሁሉ የምጠቁማቸው ጠበቃ

ይህን የምጽፈው አንዲት ሴት ለማመስገን ነው። በትራፊክ አደጋ ጉዳዮች ላይ የሚሠሩ ጠበቃ ናቸው። ታናሽ ወንድሜን ዜብራ ላይ መኪና ገጭቶት ሲሰወር፣ ቤተሰቡ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሞ የሚይዘው የሚጨብጠው ሲጠፋው፣ መንገዱን ያሳዩን እሳቸው ናቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ አልጽፍም። ለሚፈልግ ግን በውስጥ መስመር አገናኛለሁ። ያስተማሩንን ለሌላው እንዳደርስ ደግሞ አደራ ብለውኛል።

ስልካቸውን የሰጠን የወንድሜ የሥራ ባልደረባ ነው። ስደውል ስለ ክስና ስለ ካሳ የሚያወሩኝ መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ የጠየቁኝ ግን "ሐኪሞቹ ምን አሉ?" ብለው ነው። ቀጥለው "የለበሰው ልብስ የት ነው?" አሉኝ። ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ልብሱን በመቀስ ቀደው ነበር ያወለቁለት። "ልጄ፣ አሁኑኑ ነርሷን ጠይቂያት። እንዳይጣል፣ እንዳይታጠብ። በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ከረጢት አድርጊው፤ ፌስታል ውስጥ እርጥበት ያበላሸዋል።" ነርሷ፣ እግዚአብሔር ይስጣት፣ ልብሱን ለይታ አስቀምጣው ነበር።

ምክንያቱን በኋላ ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። መኪና ሰው ሲገጭ ቀለሙ ልብስ ላይ ሊቀር ይችላል። የመኪና ቀለም ደግሞ ድርብርብ ነው። ከሥር መነሻው፣ ከዚያ ዋናው ቀለም፣ ከላይ የሚያብረቀርቀው ሽፋን አለ። እንደገና የተቀባ መኪና ከዚያም በላይ ድርብ ይኖረዋል። ላቦራቶሪ ይህን ከተጠረጠረው መኪና ቀለም ጋር ማስተያየት ይችላል። የመብራት ስባሪም እንደዚሁ ነው። ብዙ የመብራት ሽፋኖች ላይ የአምራቹ ምልክትና ቁጥር ታትሟል። አስፋልት ላይ የወደቀች ስባሪ ያንን ቁጥር ይዛ ከተገኘች የመኪናውን ዓይነት ትጠቁማለች። ስባሪዋ ከተሰበረው መብራት ጋር ልክ ከገጠመች ደግሞ ነጂው "እኔ አልነበርኩም" ለማለት በጣም ይከብደዋል። በእኛ ጉዳይ መርማሪዎቹን የመኪናው ዓይነት ላይ ያደረሳቸው ይኸው ስባሪ ነው። እኔ ብሆን ጠርጌ የምጥለው ቆሻሻ ነበር የሚመስለኝ።

እሳቸው ለሁሉም ሰው የሚደጋግሙት አንድ ነገር አለ። የሚሸሸውን መኪና አታሳድዱ። ማሳደድ ሌላ አደጋ ያመጣል፣ የተጎዳውንም ብቻውን ያስቀራል። መጀመሪያ ሰውዬው ነው። አምቡላንስና ፖሊስ ይጠራ። የሚፈስ ደም ካለ በንጹህ ጨርቅ አጥብቆ መጫን። አንገቱ ወይም ጀርባው ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ እሳት ወይም የሚመጣ መኪና ካላስገደደ በቀር አለማንቀሳቀስ። የሞተር ሳይክል ነጂ ከሆነ መተንፈስ እስካላቃተው ድረስ ሄልሜቱን አለማውለቅ። "ውሃ ስጡት" የሚል ሰው መቼም አይጠፋም፤ መስጠት የለባችሁም፣ ቀዶ ጥገና ሊያስፈልገው ይችላል። ተነሥቶ "ደህና ነኝ" ቢልም ሐኪም ይየው። የጭንቅላት ጉዳት ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላል። እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ መደናገር፣ ያልተለመደ እንቅልፍ ከታየ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው።

ስለ ታርጋም የተማርኩት ነገር አለ። ሙሉውን ካላየሁ ዋጋ የለውም ብለው ዝም የሚሉ ምስክሮች ብዙ ናቸው አሉኝ። ሁለት ቁጥር እንኳን ከመኪናው ቀለምና ዓይነት ጋር ሲደመር ፍለጋውን በጣም ያጠበዋል። ወደ የት እንደታጠፈ፣ የትኛው ጎን እንደተጎዳ፣ ስፖኪዮው ተሰብሮ እንደሆነ፣ የተለጠፈ ነገር ወይም የዕቃ መጫኛ እንዳለው፣ ሁሉም ይጠቅማል። የሰው ትዝታ ደግሞ ሌላው ሲያወራ በሰማው ነገር ቶሎ ይቀየራል። ስለዚህ ከማንም ጋር ከማውራታችሁ በፊት ያያችሁትን በስልካችሁ በድምፅ ቅዱት። ወንድሜ ሲወድቅ አጠገቡ የነበረ ወጣት ልክ ይህንኑ አድርጎ ነበር። ስልክ ቁጥሩንም ሳንጠይቀው ትቶልናል። እሱንም ከልቤ አመሰግናለሁ።

ፎቶ ከሩቅም ከቅርብም መነሣት አለበት። ከሩቅ ሲነሣ መንገዱን፣ ዜብራውንና ምልክቶቹን ያሳያል። ከቅርብ ደግሞ የፍሬን ምልክቱን፣ ስባሪውንና ጉዳቱን። ስባሪው ፖሊስ እስኪመጣ ካለበት ባይነካ ይመረጣል። መኪኖች የሚደፈጥጡት ከሆነ ግን ባለበት ፎቶ ከተነሣ በኋላ ይነሣና ለፖሊስ ይሰጥ።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ የካሜራው ጉዳይ ነው። የሱቆችና የሕንፃዎች ካሜራ ዲስኩ ሲሞላ በአሮጌው ላይ አዲሱን ይቀዳል። አንዳንዱ በቀናት ውስጥ፣ አንዳንዱ በሳምንታት። ፖሊስ ይጠይቃል ተብሎ ከተጠበቀ ምስሉ ሊጠፋ ይችላል። እኚህ ሴት ጉዳዩን በያዙ ማግስት አብረውኝ በእግር ወጡ። መኪናው በሸሸበት አቅጣጫ ያለውን ካሜራ አንድ በአንድ አዩ። ለእያንዳንዱ ባለቤት ምስሉ እንዳይጠፋ የሚጠይቅ አጭር ደብዳቤ ሰጡ፣ ዝርዝሩንም ለመርማሪው አስረከቡ። ቢሮ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ጠበቃ ይህን አያደርግም።

ነጂው ተገኝቷል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ስለሆነ ከዚህ በላይ አልናገርም። ሰዎች "ጥፋቱ የእግረኛው ከሆነስ?" ብለው ሲጠይቁኝ ግን ጠበቃዋ የሰጡኝን መልስ ላካፍል። ጥፋቱ የማንም ይሁን፣ መቆም ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የጸደቀው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት በአንቀጽ 31 በአደጋ ውስጥ ያለ ሰው በተቻለ ፍጥነት እንዲቆምና ማንነቱን ለሚጠይቁት እንዲገልጽ ይላል። በብዙ አገሮች ሸሽቶ መሄድ ብቻውን ወንጀል ነው። ወንድሜን ለመውቀስ አፋቸውን ላሞጠሞጡት ሁሉ መልሴ ይህ ነው።

ነጂው ባይገኝስ? መጀመሪያ ላይ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነበር። ብዙ አገሮች ነጂው ላልታወቀበት ወይም መድን ለሌለው አደጋ ካሳ የሚከፍል ፈንድ አላቸው። እንግሊዝ ውስጥ ለምሳሌ መድን ሰጪዎች በጋራ ያቋቋሙት ቢሮ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ አለ። ግን እነዚህ ፈንዶች የጊዜ ገደብ ያስቀምጣሉ፣ ለፖሊስ በቶሎ ሪፖርት መደረጉንም ያያሉ። የራሳችሁ መኪና ከሆነ የተገጨው ደግሞ ለመድን ድርጅታችሁ ቶሎ አሳውቁ፤ ጉዳቱን ሳያዩት አታሠሩት። እሳቸው ለፈንድ ማመልከት ቢያስፈልግ ቅጹን ራሳችን መሙላት እንደምንችል ነግረውናል። "ለዚህ ለእኔ መክፈል የለባችሁም" አሉ። ሙሉ በሙሉ ያመንኳቸው ያኔ ነው።

የእኛን ክፍያ በተመለከተ ሥራ ሳይጀምሩ በጽሁፍ አስፈረሙን። ከዚያ ውጭ ሳንቲም አልጠየቁም። ሲደወልላቸው ያነሣሉ፣ ካላነሡ መልሰው ይደውላሉ። ቃል የማይገቡትን ነገር "አላውቅም" ይላሉ። ጠንካራ ናቸው፣ አያባብሉም፤ ወንድሜን የሕመሙንና የእንቅልፉን ነገር በየቀኑ ደብተር ላይ ሲያስጽፉት መጀመሪያ ላይ ተነጫንጮ ነበር። በነጂው በኩል ሰዎች ገንዘብ ይዘው መጥተው "እዚሁ እንጨርሰው" ሲሉን ሕክምናው ሳያልቅ ምንም እንዳንፈርም የከለከሉን እሳቸው ናቸው። ያኔ ሐኪሙ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልግ ገና አልነገረንም ነበር። ፈርመን ቢሆን ወጪው በእኛው ላይ ይወድቅ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ ይከለክላሉ። የጠረጠራችሁትን ታርጋ ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ቁጥር በስህተት ሊነበብ ይችላል፣ ታርጋም ይሰረቃል፣ ንጹህ ሰው ይጎዳል። ለመርማሪው ስጡት።

ሊያገኟቸው የሚፈልጉ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ። ከመደወላችሁ በፊት የፖሊስ ሪፖርት ቁጥሩን፣ የሕክምና ማስረጃውን፣ ደረሰኞቹን፣ የምስክሮቹን ስልክና አደጋው የደረሰበትን ሰዓት አጠገባችሁ አድርጉ፤ ወዲያው የሚጠይቋችሁ እነዚህን ነው። አደጋው ዛሬ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ እስኪሟላ አትጠብቁ፣ ቅዳሜና እሁድም ያነሣሉ።