ለፓይተን ጉባኤው አሰልጣኞች ምስጋና፣ ጅማ ላይ ሥልጠና ለምታስቡም ጥቆማ

ፓይተን በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ላይ ከተካሄደው ጉባኤ ቀደም ብሎ ጅማ ላይ ለሁለት ቀን ያሠለጠኑትን ሁለቱን ባለሙያዎች ከልብ እናመሰግናለን። እጃችሁ ይባረክ። ስማቸውን ያልጻፍነው እነሱው እንዳይጻፍ ስለጠየቁ ነው፤ የጉባኤውን አዘጋጆች የጠየቀ ያገኛቸዋል። ትምህርት ቤትም ሁን ክሊኒክ፣ የቡና ገበሬዎች ዩኒየንም ሁን የዩኒቨርሲቲ ክፍል፣ ሠራተኞችህ መረጃቸውን ራሳቸው በፓይተን እንዲሠሩ ከፈለግህ እነዚህን ሰዎች ጥራ።

የፕሮግራሚንግ ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገና በመጀመሪያው ሰዓት ነው። ሁሉም በአንድ ዋይፋይ ልጫን ሲል ኔትወርኩ ይቆማል፣ ግማሹ ሰው ሳይጭን ትምህርቱ ይጀመራል። እነሱ ግን ሁሉንም በፍላሽ ይዘው መጡ። ኢንተርኔት ባለበት ቦታ፣ ፒፕ በሚባለው የፓይተን መጫኛ በ“ፒፕ ዳውንሎድ” ትእዛዝ የሚያስፈልጉትን ፓኬጆች (ተጨማሪ የፕሮግራም ጥቅሎች) አንድ ፎልደር ውስጥ ያወርዳሉ፤ ክፍል ውስጥ ደግሞ ፒፕ ኢንተርኔት ሳይፈልግ ከዚያው ፎልደር እንዲጭን ያዙታል። እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው። እንደ ፓንዳስ (የሠንጠረዥ መረጃ መሥሪያ) ያለ ፓኬጅ የወረደበትና የሚጫንበት ኮምፒውተር በፓይተን ቨርዥን ወይም በኦፕሬቲንግ ሲስተም ከተለያዩ አይጫንም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዓይነት ለየብቻ ማውረድ ያስፈልጋል። ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ አንዱ ላይ የተዘጋጀውን ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት (ለአንድ ሥራ ተለይቶ የተዘጋጀ የፓይተን ፎልደር) እንዳለ መገልበጥም አያዋጣም፤ የመጀመሪያው ኮምፒውተር የፎልደር አድራሻ ውስጡ ተጽፎ ስለሚቀር ሌላው ላይ ይበላሻል። ዊንዶውስ ላይ ሲጫን ደግሞ ከታች ያለችውን “ወደ ፓዝ ጨምር” የምትል ሳጥን (ፓዝ ዊንዶውስ ፕሮግራም የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ነው) መምረጥ ከተረሳ፣ ትእዛዝ መጻፊያው ላይ ፓይተን ብለው ሲጽፉ የማይክሮሶፍት ስቶር ገጽ ሊከፈት ይችላል። ይህችን ሳጥን ወንበር ለወንበር እየዞሩ አይተዋል።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ ወረቀት ሰጡ። የጨረሰ አረንጓዴውን፣ የተቸገረ ቀዩን ላፕቶፑ ጀርባ ላይ ይለጥፋል። ሶፍትዌር ካርፐንትሪ በሚባሉት የተመራማሪዎች የፕሮግራሚንግ ሥልጠናዎች የተለመደ ዘዴ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የበለጠ ይጠቅማል። በይሉኝታ እጁን የማያወጣ ሰው ወረቀት ለመለጠፍ አይቸገርም።

የሥልጠናው ልብ የግዕዝ ፊደል ክፍለ ጊዜ ነበር። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው ባይት በሚባሉ ቁጥሮች ነው፤ የትኛው ፊደል በየትኞቹ ባይቶች እንደሚጻፍ የሚወስነው ደንብ ኢንኮዲንግ ይባላል። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ኢንኮዲንግ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ “ጅማ” ሁለት ፊደል፣ 6 ባይት ነው። ዊንዶውስ ላይ ኢንኮዲንጉ ሳይነገረው ፋይል የሚከፍት ፓይተን ብዙ ጊዜ 1252 በሚባለው የምዕራባውያን ሠንጠረዥ ያነባል። ያኔ “ጅማ” ስድስት የማይነበቡ ምልክቶች ሆና ያለ ምንም የስህተት መልእክት ታልፋለች። “ሁሉ” ግን ፕሮግራሙን ቀጥ ያደርገዋል፤ “ሁ” ከያዘቻቸው ባይቶች የመጨረሻው በዚያ ሠንጠረዥ ቦታ የለውም። አንዱ ፋይል ሠርቶ ሌላው እምቢ የሚለው ለዚህ ነው፤ ሠርቶ ያለፈው ደግሞ ይብሳል፣ መረጃው መበላሸቱን ማንም ሳያይ ይቀመጣልና። መፍትሔው ፋይል በተከፈተ ቁጥር ኢንኮዲንጉን መጻፍ ነው። ውጤቱ በኤክሴል የሚከፈት ከሆነ “ሲግ” የሚል ቅጥያ ያለው ዩቲኤፍ 8 ይመረጣል፤ ኤክሴል የሚያውቀውን የማይታይ ምልክት ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ያስቀምጣል። ይህን ፋይል መልሶ በተራው ዩቲኤፍ 8 ያነበበ ሰው ግን የመጀመሪያው ዓምድ ስም ላይ ያ የማይታይ ምልክት ሊጣበቅበትና “እንዲህ ያለ ዓምድ የለም” ሊባል ይችላል። ዓምዱ ስክሪኑ ላይ እየታየ!

ከዚያ ወደ ሞክሼ ፊደላት ሄዱ። “ኃይሉ”፣ “ሃይሉ” እና “ሐይሉ” ለፓይተን ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ) ማስተካከያ ትእዛዞችም አንድ አያደርጓቸውም። የመተኪያ ሠንጠረዥ ራስ መሥራት ግድ ነው። አሰልጣኞቹ ዋናውን ጽሑፍ ሳይነኩ የተስተካከለውን አዲስ ዓምድ ላይ ማስቀመጥ አስተማሩ። ትክክል ነው፤ “ሠረቀ” ወጣ ማለት ሲሆን “ሰረቀ” ሌላ ነገር ነው። የአፋን ኦሮሞ ጽሑፍንም አልረሱም። ሁዻ የሚባለው፣ ነጠላ ጥቅስ የሚመስለው ምልክት ከኪቦርድ ሲጻፍ ቀጥ ያለ፣ ማይክሮሶፍት ወርድ ሲያስተካክለው የተጣመመ ይሆናል፤ ለኮምፒውተር ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። በተለመደው ዘዴ ቃላት ሲቆረጡም ቃሉ ሁዻው ላይ ለሁለት ይከፈላል። ጅማ ላይ የሚያሠለጥን ሰው ይህን ማወቁ ትልቅ ነገር ነው።

የቀን አቆጣጠሩም እንዲሁ። በቡና መረከቢያ መዝገብ ላይ 30/02/2016 ተብሎ የተጻፈው ጥቅምት 30 ነው፤ ፓይተን ግን ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ይረዳውና ስህተት ይላል። ጳጉሜንም 13ኛ ወር ስለሆነች አይቀበላትም። አደገኛው ዝም ብሎ የሚቀበለው ነው። 15/02/2016 ፌብሩዋሪ 15፣ 2016 ሆኖ ይገባል፤ እውነተኛው ቀን ግን ኦክቶበር 26፣ 2023 ነው። ስለዚህ ቀኑ መጀመሪያ እንደ ጽሑፍ ይነበባል፣ ከዚያ በአንድ ፈንክሽን (ለአንድ ሥራ በተጻፈ የፕሮግራም ክፍል) ብቻ ይቀየራል፣ የመጀመሪያው ዓምድም አይጠፋም።

የማናሞግሰው አንድ ነገር አለ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የተሰጠው የድረ ገጽ ሥራ ለሦስት ሰዓት ከመጠን በላይ ነበር፤ ዳታቤዙ ላይ ሲደረስ ብዙ ቀይ ወረቀት ታየ። ይህን የምትፈልጉ ሙሉ ቀን ጠይቁ።

ስትጠሯቸው አዳራሹ ውስጥ ለየጠረጴዛው የሶኬት ማከፋፈያ ይኑር፣ ላፕቶፖቹ ቻርጅ ተደርገው ይምጡ፤ መብራት ሲጠፋ ፕሮጀክተሩ ቢቆምም ባትሪ ያለው መሥራቱን ይቀጥላል። መልመጃዎቹን በወረቀት አትሙ። ለ10 ሰው አንድ ረዳት መድቡ፤ እሱም ከአንድ ቀን በፊት መልመጃውን ራሱ ሠርቶ ይጨርስ። ከራሳችሁ መዝገብም 200 መስመር ያህል ቀድማችሁ ላኩላቸው፤ በዚያ ላይ ተመሥርተው ያዘጋጃሉ። ከመላካችሁ በፊት ግን የሰዎቹን ስልክ ቁጥር አጥፉ፣ ስማቸውንም በሌላ ስም ተኩ። የተምታቱትን ፊደሎችና ቀኖች አታርሙ፤ እንዳሉ ይሂዱ።