ለቤዝ ጊታር የስፒከር ሳጥን ስንመርጥ፦ አንድ ትልቅ፣ ሁለት ተመሳሳይ ወይስ 4×10 ከ1×15 ጋር?

ለቤዝ ጊታር የስፒከር ሳጥን የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ዋጋውንና በሳጥኑ ጀርባ የተጻፈውን የዋት ቁጥር ነው። ሁለቱም መታየት አለባቸው፤ ነገር ግን ከሁለቱም በፊት መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች አሉ፤ እነርሱም አምፕሊፋየሩ እስከ ስንት ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ዝቅ ብሎ መሥራት ይችላል፣ ሳጥኑስ ለብቻው የሚቀር ነው ወይስ ወደፊት ሌላ የሚጨመርበት የሚሉት ናቸው። ከዚህ በታች የሚነጻጸሩት በገበያው በብዛት የሚታዩት አራት አማራጮች ናቸው፦ አንድ 8×10፣ አንድ 4×10፣ 4×10 ከ1×15 ጋር፣ እንዲሁም ሁለት ተመሳሳይ ትናንሽ ሳጥኖች፣ ማለትም ሁለት 2×10 ወይም ሁለት 1×12። የመጀመሪያው ቁጥር የስፒከሮቹን ብዛት፣ ሁለተኛው የእያንዳንዱን ስፒከር ስፋት በኢንች ያመለክታል።

ከሁሉ በፊት ኦም

የኦም ቁጥሩ ባነሰ መጠን አምፕሊፋየሩ ብዙ ኤሌክትሪክ እንዲያወጣ ይገደዳል። በአምፕሊፋየር ጀርባ ያሉት ሁለት የስፒከር መውጫዎች ብዙውን ጊዜ በትይዩ የተያያዙ ስለሆኑ፣ ሁለት ባለ 8 ኦም ሳጥኖች ሲሰኩ ድምሩ 16 ሳይሆን 4 ኦም ይሆናል፤ አንድ ባለ 8 እና አንድ ባለ 4 ኦም ሳጥን አንድ ላይ 2.67 ኦም፣ ሁለት ባለ 4 ኦም ሳጥኖች ደግሞ 2 ኦም ይሰጣሉ። በዛሬው ገበያ ካሉት ክብደታቸው ቀላል የሆነ የክላስ ዲ (ኃይል እምብዛም የማያባክን ዓይነት) አምፕሊፋየሮች ብዙዎቹ ከ4 ኦም በታች እንዲሠሩ አልተፈቀደላቸውም። ስለዚህ ባለ 4 ኦም ሳጥን የገዛ ሰው፣ አምፕሊፋየሩ 2 ኦም የሚችል ካልሆነ በቀር፣ ሌላ ሳጥን የመጨመር ዕድሉን በዚያው ዕለት ዘግቷል ማለት ነው። ሻጮች ይህን ሲናገሩ እምብዛም አይሰማም።

የፌንደር ራምብል 500 ኮምቦ፣ ማለትም አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ በአንድ ሳጥን ያሉበት፣ ጥሩ ማሳያ ነው። በውስጡ ባለው 2×10 ብቻ ሲሠራ 350 ዋት ይሰጣል፤ ሌላ ባለ 8 ኦም 2×10 ሳጥን ሲጨመርለት 500 ዋት ይደርሳል። ብዙ ሰው ትርፉ ያ 150 ዋት ይመስለዋል። በስሌት ሲታይ ግን ከ350 ወደ 500 ዋት መውጣት የሚጨምረው 1.5 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም ጆሮ በጭንቅ የሚለየው ልዩነት ነው። ዋናው ጥቅም የሚመጣው አየሩን የሚገፋው የስፒከር ስፋት በእጥፍ በማደጉ ነው፤ ይህ በዝቅተኛዎቹ ድምፆች ላይ ሌላ 3 ዴሲቤል ገደማ ያክላል። ድምፁ አልበቃኝም ብሎ ትልቅ አምፕሊፋየር ከመግዛት ሁለተኛ ሳጥን መግዛት ብዙ ጊዜ የተሻለ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

8×10 እና 4×10

8×10 ሲባል ሁሉም የሚያስበው የአምፔግ ኩባንያ በ1969 ካስተዋወቀው ባለ 300 ዋት የቫልቭ አምፕሊፋየር ጋር የመጣውን ሳጥን ነው። የእርሱ ዘመናዊ ወራሽ የሆነው ኤስቪቲ 810ኢ ባለ 4 ኦም፣ 800 ዋት የሚሸከም፣ የአየር መውጫ ቀዳዳ የሌለው ዝግ ሳጥን ሲሆን ክብደቱ 63 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በትልቅነቱ የተነሳ እጅግ ወደ ታች የሚወርድ ድምፅ የሚያወጣ ይመስላል፤ የአምራቹ መግለጫ ግን ድምፁ ከ58 ሄርዝ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) በታች መቀነስ እንደሚጀምርና 40 ሄርዝ ላይ በ10 ዴሲቤል እንደሚያንስ ያሳያል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይጫኑት ሲመታ 41 ሄርዝ ነው። እንግዲህ ይህ ሳጥን የሚወደደው በጥልቀቱ ሳይሆን፣ ከመካከለኛው ድምፅ በሚሰጠው ጡጫና እያንዳንዱ ኖታ ሳይንዛዛ ቶሎ በመቆሙ ነው። የራሱ መኪናና ተሸካሚ ላለው ባንድ፣ እንዲሁም ከቦታው ለማይነቃነቅ መድረክ የሚያህለው የለም። ልምምድ ቦታው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለሆነ ሰው ግን አልመክረውም።

ከዚያው ኩባንያ የወጣው ኤስቪቲ 410ኤችኤልኤፍ በስፒከር ብዛት ግማሽ ቢሆንም ባለ ቀዳዳ በመሆኑ ጉልህ ድምፁ እስከ 48 ሄርዝ፣ በ10 ዴሲቤል ያነሰው ደግሞ እስከ 28 ሄርዝ ይወርዳል። ባለ 5 ክር ቤዝ የሚጫወት ሰው የአምስተኛው ክር ድምፅ 31 ሄርዝ ስለሆነ፣ ለእርሱ ከ8×10 ይልቅ ይህ ዓይነቱ 4×10 ይስማማዋል። ኪሳራው ይህም ባለ 4 ኦም መሆኑ ነው። በሌሎች አምራቾች ዘንድ ባለ 8 ኦም 4×10 ስላለ፣ ወደፊት ማሳደግ የሚያስብ ሰው እርሱን ይጠይቅ።

4×10 ከ1×15 ጋር

ይህ ጥምረት ለብዙ ዓመታት እንደ ደንብ የተወሰደ ነው፤ 15 ኢንቹ ወፍራሙን፣ 10 ኢንቾቹ ስለታሙን ድምፅ ይሰጣሉ ተብሎ ይታመናል። እምነቱ ግን የተሳሳተ መነሻ አለው። አንድ ሳጥን ምን ያህል ወደ ታች እንደሚወርድ የሚወስኑት የሳጥኑ የውስጥ ይዘት፣ የቀዳዳው ልክና ስፒከሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንቀሳቀስ የሚችልበት ርቀት ሲሆኑ፣ የስፒከሩ ስፋት ብቻውን ብዙ አይናገርም። በደንብ የተሠራ 4×10 ከተራ 1×15 ይበልጥ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል።

ሁለተኛው ችግር የኃይል ክፍፍሉ ነው። ሁለቱም ሳጥኖች ባለ 8 ኦም ከሆኑና አምፕሊፋየሩ 400 ዋት ከሰጠ፣ እያንዳንዱ ሳጥን 200 ዋት ይደርሰዋል። በ4×10 ውስጥ ያ ኃይል ለአራት ሲከፈል ለእያንዳንዱ ስፒከር 50 ዋት ይሆናል፤ በ1×15 ውስጥ ግን አንዱ ስፒከር 200ውን ብቻውን ይሸከማል። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ሲከፈት ቀድሞ የሚጨነቀው 15 ኢንቹ ነው፤ 4×10ው ገና አቅሙ ሳይነካ ድምፁ መበላሸት ይጀምራል። በዚህ ላይ ሁለቱ ሳጥኖች ለአንድ ኖታ በተለያየ ቅጽበት ምላሽ ስለሚሰጡ፣ በአንዳንድ ድምፆች ላይ በመደጋገፍ ፈንታ እየተሻሩ ኖታው ይሳሳል። ይህ ማለት እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ጥምረት መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ውጤቱ ግን ሳይሞከር ስለማይታወቅ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ሰክቶ በመድረክ ድምፅ ልክ ሳይሰሙ መግዛት ተገቢ አይሆንም።

ሁለት ተመሳሳይ ሳጥኖች

ለአብዛኛው ገዢ የምመርጠው ይህንን ነው። ባለ 8 ኦም 2×10 ወይም 1×12 መጀመሪያ አንድ ይገዛል፤ አቅም ሲፈቅድ ያው ሞዴል ይደገማል። ኃይሉ እኩል ይከፈላል፣ ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ይንቀሳቀሳሉ፣ ለልምምድ አንዱን ይዞ መሄድ ይቻላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ከማድረግ ይልቅ አንዱን በአንዱ ላይ መደራረብ ይሻላል፤ ላይኛው ለተጫዋቹ ጆሮ ይቀርባል፣ ድምፁም ወደ ግራና ቀኝ በተሻለ ይሰራጫል። በአዳራሽ ሲሠራ ለታዳሚው ቤዙን የሚያደርሰው ዋናው የድምፅ ሲስተም ስለሆነ፣ ከኋላ ያለው ሳጥን የሚያስፈልገው ለባንዱ ለራሱ ነው፤ ለዚህ ሁለት 1×12 ይበቃል። ጉዳቱ ዋጋው ነው፤ ሁለት ሳጥን ብዙ ጊዜ ከአንድ 4×10 ይበልጥ ያስወጣል።

ዕቃ ከአሜሪካ ለሚያስመጣም ይህ ምርጫ ይመቻል። አምፕሊፋየር ሲገዛ በ120 ቮልት ብቻ የሚሠራ እንዳይሆን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው 220 ቮልት ያቃጥለዋል። አምፕሊፋየር የሌለበት የስፒከር ሳጥን ግን ከግድግዳው ኤሌክትሪክ ጋር ስለማይገናኝ ይህ ጣጣ የለበትም። በኒዮዲሚየም ማግኔት የተሠራ 1×12 ከአየር መንገዶች የተለመደ የ23 ኪሎ ገደብ በታች የሚሆን ብዙ ጊዜ ነው፤ ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ ተደምረው ከ158 ሴንቲሜትር እንዳይበልጡ ግን አስቀድሞ መለካት ይገባል።

ያገለገለ ሳጥን የሚገዛ ሰው ባለ 9 ቮልት ባትሪና የስፒከር ገመድ ይዞ ይሂድ። የባትሪው ፖዘቲቭ ከገመዱ ፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩ ከኔጋቲቩ ጋር ለቅጽበት ሲነካካ ሁሉም ስፒከሮች ወደ ፊት መውጣት አለባቸው። አንዱ ወደ ኋላ ከገባ ሽቦው ተገልብጦ ተያይዟል፤ ማስተካከሉ ቀላል ቢሆንም ዋጋ ለማስቀነስ በቂ ምክንያት ነው። ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ካለ ግን የተቃጠለ ሊሆን ስለሚችል፣ የምትክ ስፒከሩን ዋጋ ሳያውቁ ገንዘብ መክፈል አይገባም።