የውሃ ኤሊ ያላችሁ፦ «የተሟላ የሙቀት ጥቅል» የሚባለውን ዕቃ አትግዙ

በመስታወት ገንዳ ውስጥ ለምትኖር ኤሊ «የተሟላ የሙቀት ጥቅል» ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ አለ። ካርቶኑ ሲከፈት የሚወጣው ሁለት ነገር ነው፦ ከመስታወቱ ውጪ የሚለጠፍ ባለቀለም ስስ ቴርሞሜትር እና ማስተካከያ የሌለው፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚተው ትንሽ ማሞቂያ። ሁለቱም ለየብቻቸው ደካማ ናቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ማሞቂያው ቢበላሽ ቴርሞሜትሩ በትክክል አይናገርም፤ አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ተለጣፊው የሚለካው ውሃውን አይደለም። በአንድ ጎኑ መስታወቱ፣ በሌላው የክፍሉ አየር ስለሚነካው የሚያሳየው በሁለቱ መካከል ያለ ቁጥር ነው። ክፍሉ 18 ዲግሪ፣ ውሃው 25 ዲግሪ ቢሆን ተለጣፊው 23 ሊያሳይ ይችላል። ባለቤቱ «ቀዝቅዟል» ብሎ ሙቀት ሲጨምር ውሃው ከሚገባው በላይ ይሞቃል። ክፍሉ ከውሃው ሲሞቅ ተገላቢጦሹ ይሆናል፤ ውሃው ቀዝቅዞ ሳለ ቁጥሩ ደህና ይመስላል። ገንዳው በተለቀ ቁጥር መስታወቱም ስለሚወፍር ስህተቱ ይብሳል። በዚያ ላይ አብዛኞቹ በሁለት ሁለት ዲግሪ የተከፈሉ ናቸው፤ ሁለት ሳጥን እኩል ሲበራ የትኛውን ማንበብ እንዳለባችሁ አይታወቅም። ኤሊዋ ከውሃ ወጥታ የምትሞቅበት አምፖል ወይም የመስኮት ፀሐይ ካረፈበትማ ጭራሽ አትመኑት።

የሁለት ሦስት ዲግሪ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ከዓይኗ ጀርባ ቀይ መስመር ላላት፣ በየቤቱ በብዛት ለምትያዘው የውሃ ኤሊ፣ ውሃው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ለጫጩት ከ26 እስከ 28። ከ20 በታች ሲወርድ ምግብ ትቀንሳለች ወይም ትተዋለች፤ የበላችውም በቶሎ አይፈጭም። ብርዱ ሲቆይ የሳንባ ሕመም ይከተላል፤ ከአፍንጫዋ አረፋ ይወጣል፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ ስትዋኝ ወደ አንድ ጎን ታጋድላለች። እነዚህን ያየ ሰው ቴርሞሜትር ፍለጋ ሳይሆን ወደ እንስሳት ሐኪም ነው መሄድ ያለበት። የውሃው ሙቀት ሲበዛም ችግር ነው። የገንዳው ውሃ ከአምፖሉ ሥር ወጥታ እንደምትሞቅበት ድንጋይ ከሞቀ ኤሊዋ ለመሞቅ መውጣቷን ትተዋለች፤ ቅርፊቷ ሳይደርቅ ይከርምና መበስበስ ይጀምራል። ሞቃት ውሃ ውስጥ የቆሻሻው አሞኒያ መርዝነትም ይጨምራል።

ወደ ማሞቂያው እንምጣ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «እስከ 100 ሊትር» ትታችሁ ዋቱን ፈልጉ። ግምቱ ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ ዋት ገደማ ነው፤ ክፍሉ በጣም ከቀዘቀዘ ከዚያም ይበልጣል። 25 ዋት ማሞቂያ 100 ሊትር ውሃን ከክፍሉ ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ብቻ ከፍ ያደርገዋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳያርፍ ይሠራል፣ ውሃው ግን የሚፈለገው ላይ አይደርስም። አንዳንዱ ውስጡ ቴርሞስታት፣ ማለትም ውሃው የሚፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርስ ማሞቂያውን የሚያጠፋ ክፍል፣ የለውም፤ «ራሱን ይቆጣጠራል» የተባለው አቅሙ ትንሽ ስለሆነ ውሃውን ማፍላት አይችልም ለማለት ነው። ቴርሞስታት ያለው ቢሆንም፣ ርካሹ ውስጥ ያሉት ሁለት የብረት መገናኛዎች በመብራትና መጥፋት ብዛት ተጣብቀው ይቀሩና ማሞቂያው አይጠፋም። አካሉ መስታወት ከሆነ ደግሞ ኤሊ በቅርፊቷ ገፍታ ትሰብረዋለች፤ የፕላስቲክ መከላከያ ሽፋን የሌለው የመስታወት ማሞቂያ ለዓሣ እንጂ ለኤሊ አይሆንም። ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው የመስታወት ቴርሞሜትርም እንዲሁ ነው፤ ሲሰበር ከታቹ ያሉት ትናንሽ የብረት ኳሶች ይፈስሳሉ፣ ኤሊም ትውጣቸዋለች።

በምትኩ ግዙ የምንለው ረጅም ሽቦና የብረት ጫፍ ያለው ዲጂታል ቴርሞሜትር ነው፤ ጫፉ ውሃ ውስጥ፣ ማያው ውጪ። 25.3 ብሎ ነጥብ ስላሳየ ብቻ ትክክለኛ አይደለም፤ አብዛኞቹ በአንድ ዲግሪ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሳሳታሉ። ስለዚህ ገንዳው ውስጥ ሳታስገቡት ፈትኑት። ብርጭቆ በደቀቀ በረዶ ሙሉና ክፍተቱን ብቻ በቀዝቃዛ ውሃ አዳርሱ። ጫፉ ብርጭቆውን ሳይነካ መሐል ላይ ይዛችሁ ለሦስት ደቂቃ አማስሉ። 0 ወይም አንድ ዲግሪ ያህል ወዲያ ወዲህ ማሳየት አለበት። ውሃው በዝቶ በረዶው ላይ ላዩን ከተንሳፈፈ ከታች ያለው ውሃ እስከ 4 ዲግሪ ሊደርስ ስለሚችል ፈተናው ይበላሻል። ሁለተኛው ፈተና ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከሰው ትኩሳት መለኪያ ጋር ጎን ለጎን ማስገባት ነው፤ 37 ዲግሪ አካባቢ ትኩሳት መለኪያው የሚታመን ነው። ሁለቱም ላይ እኩል የሚሳሳት ከሆነ ልዩነቱን ማያው ላይ ጽፋችሁ ተጠቀሙበት። በአንዱ ልክ ሆኖ በሌላው ከተሳሳተ መልሱት። የባትሪው ኃይል ሲደክምም ቁጥሩ ስለሚዛባ ባትሪ በቀየራችሁ ቁጥር የበረዶውን ፈተና ድገሙ። በርቀት የሚለካው የጨረር ቴርሞሜትር ለመሞቂያው ድንጋይ ይጠቅማል፤ በመስታወት በኩል ግን ውሃን አይለካም፣ የሚያነበው የመስታወቱን ፊት ነው።

የብረት ጫፉን ከማሞቂያው ርቆ፣ በገንዳው ሌላኛ ዳር፣ ከውሃው ጥልቀት አጋማሽ ላይ አስሩት፤ ከአምፖሉ ሥር አይሁን። ማሞቂያው ደግሞ ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ በሚነካው ቦታ ቢሆን ሙቀቱ ይዳረሳል። የተለየ የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ማለትም በራሱ ሴንሰር ውሃውን እየለካ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ፣ የምትጨምሩ ከሆነ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፦ ኤሊዋ ሽቦውን ጎትታ ሴንሰሩን ከውሃ ካወጣችው መሣሪያው የክፍሉን ብርድ እያነበበ ማሞቂያውን አያጠፋም። ሽቦውን በማጣሪያው ቱቦ ጀርባ አሳልፉ፣ በሁለት ቦታም አጥብቁት። ማሞቂያው የራሱ ማስተካከያ ካለው ከመቆጣጠሪያው 2 ዲግሪ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ አንዱ ሲከዳ ሌላው ያጠፋዋል። ውሃ ከመቀየራችሁ 15 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ማሞቂያውን ንቀሉ፤ ከውሃ ወጥቶ እየሠራ ከቀጠለ ይሰነጠቃል። ሽቦው ወደ ሶኬት ከመግባቱ በፊት ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፤ ያኔ ውሃ ቢወርድበት ከታች ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ጥቅሉን ቀድማችሁ ከገዛችሁ ተለጣፊውን ገና አትለጥፉት፤ አንዴ ከተለጠፈ ሻጭ መልሶ አይቀበልም። ማሞቂያውን 10 ሊትር ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጥልቁና በተፈተነ ቴርሞሜትር ለ24 ሰዓት ተከታተሉት። እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ሁልጊዜ ንቀሉ። ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ዲግሪ ከ2 በላይ ካለፈ፣ ወይም ጨርሶ የማይጠፋ ከሆነ፣ የዋቱንና የዲግሪውን ጽሑፍ ከቴርሞሜትሩ ቁጥር ጋር በአንድ ፎቶ አንስታችሁ ገንዘባችሁን ጠይቁ። ገንዳው ውስጥ እየሠራ ያለ ከሆነና ክፍሉ ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ተተኪ ሳይዘጋጅ አትንቀሉት፤ ትክክለኛ ቴርሞሜትር አስገቡና ማለዳ አምፖሉ ሳይበራ፣ ማታም ከመጥፋቱ በፊት አንብቡ። ሙቀቱን ማስተካከል ካስፈለገ በአንድ ቀን 2 ዲግሪ ይበቃል።