ለ23 ተክሎቼ ቦታ ያገኘችልኝ ባለሙያ

አዲስ አበባ ውስጥ ከግቢ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ስገባ የጨነቀኝ የተክሎቼ ነገር ነበር። 23 ናቸው። ቤቱ 28 ካሬ ስቱዲዮ ነው፣ አራተኛ ፎቅ፣ ያለው አንድ ሰፊ መስኮት። ግማሹን ለጎረቤት ልሰጥ ቆርጬ ነበር።

ይቺ የቤት ውስጥ ዲዛይን ባለሙያ ስትመጣ ሜትሯን እንኳን አላወጣችም። «እትዬ፣ ፀሐይ በስንት ሰዓት ነው የምትገባው? በክረምትስ?» ብላ ጀመረች። በማግስቱም ጠዋትና ከሰዓት ተመላልሳ አየች። መስኮቴ ወደ ደቡብ ነው። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል እስከ ክፍሉ መሀል ትዘልቃለች። በሰኔና በሐምሌ ወደ ሰሜን ታልፋለች፣ ደመናውም አለ። ስለዚህ የተክሎቹን መደርደሪያ ግድግዳ ላይ አልመታችውም፣ ጎማ አስገጠመችለት። በበጋ ፒስ ሊሊዬ ቅጠሏ እንዳይቃጠል ከመስኮቱ አርቃታለሁ፣ ክረምት ሲገባ አስጠጋታለሁ። እሬቱና ቁልቋሉ ብቻ ዓመቱን ሙሉ ከመስኮቱ ሥር አይነሱም።

ከእሷ በፊት ሌላ ሰው መደርደሪያ በኤምዲኤፍ፣ ማለትም በተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ጣውላ፣ ሠርቶልኝ ነበር። ውሃ ጠጥቶ አበጠና በሁለት ወሩ ተጣለ። እሷ በቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት በሆነ ብረት) አስበየደችው፤ በየደረጃው ከላሜራ የታጠፈ የውሃ መቀበያ አለው።

ሙያዋን ያመንኩት ግን የሚንጠለጠሉትን ስትሰቅል ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ክፍት። ፊሸር (ብሎን የሚይዝ ፕላስቲክ) ቢመቱበትም ክብደት ሲበዛ ይነቀላል። «ደረቁን አይዩት እትዬ፣ ውሃ ሲጠጣ ነው የሚከብደው» አለችኝና የመስቀያውን ብረት ከላይ አርማታው ላይ አሰረችው። ፖቶሱ አሁን ከበሩ ጥግ ተነስቶ ወደ መስኮቱ እየተሳበ ነው።

ውሃ በፈረቃ መሆኑንም አልረሳችም። ከተክሎቹ አጠገብ አግዳሚ ወንበር አሠራች፣ ጄሪካኖቼ ከሥሩ ይገባሉ። ከሻወር ቤት ውሃ መሸከም ቀረልኝ።

ቀለሙ አልደርቅ ብሎ አራት ቀን ዘግይታለች፣ ግን ቀድማ ደውላ ነገረችኝ። የዕቃውንና የእጇን ዋጋ ለየብቻ ነው የጻፈችልኝ፤ ደረሰኞቹንም አስረክባኛለች። አዲስ ሶፋ ልግዛ ስላትም «ያለው ይበቃል» ብላ የከለከለችኝ እሷ ናት።

ቤቴ ጠባብ ነው ብላችሁ ተክል የተዋችሁ ካላችሁ እሷን አማክሯት። ስልኳን እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ጤና አዳሙ አዲስ ቅጠል አውጥቷል። ስትመጪ ለቡናው እንቀጥፈዋለን።