«የክረምት ጎማ ነው» ተብዬ የገዛሁት፦ ስምንት ወር በድሬዳዋ

«ይሄ የክረምት ጎማ ነው፤ ዝናብ ቢዘንብ ጎርፍ ቢመጣ አያንሸራትትህም» ነበር ያለኝ ሻጩ። ጊዜው የሰኔ መጀመሪያ ነው። እኔ በሳምንት ሁለት ሦስቴ የድንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር የምመላለስ ሰው ነኝ፤ ክረምት ሲባል የሚታየኝ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው። ሌላ ምን ሊታየኝ ይችላል? አራቱን ጎማ ከነአሉሚኒየም ቸርኬያቸው በ46,000 ብር ገዛሁ።

የሻጩ ክረምት የእኛ ክረምት አልነበረም። ሐይቅ የሚረጋበት፣ አስፋልት መስታወት የሚሆንበት የፈረንጅ ክረምት ነው። ለበረዶ የተሠራ ጎማ ገጥሜ፣ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በሚያልፍ ከተማ ስምንት ወር ነዳሁ። ይህን የምጽፈው በተለይ ያገለገለ ጎማ ለምትገዙ ነው።

መኪናዬ ኮሮላ ናት፤ የጎማዋ ልክ 195/65 አር 15። በወር አንድ እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ የጭነት መኪና ማቆሚያ፣ ባለቤቱን አስፈቅደን፣ ያረጁ ጎማዎች ለምልክት ደርድረን በሰዓት እንወዳደራለን። አንድ መኪና ይገባል፣ ዙሩን ጨርሶ ይወጣል፣ ቀጣዩ ይገባል። ሽልማት የለውም፤ ግን ለእኔ የወሩ ትልቅ ቀን ነው። ስለዚህ ከጎማ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ ድንገጎ ላይ የማምነው፣ እሁድ ደግሞ መሪ ሳዞር ቶሎ የሚታዘዝ።

በመጀመሪያው እሁድ፣ ጥርሳቸው ካለቀው አሮጌ ጎማዎቼ በሦስት ሰከንድ ዘገየሁ። ዕለቱ ከብዶኝ ነው ብዬ ደገምኩት፤ ያው ነው። መሪውን ታዞራለህ፣ ጎማው መጀመሪያ ይተጣጠፋል፣ መኪናው የሚዞረው ከዚያ በኋላ ነው። አራት ዙር ነድቼ ስወርድ የጎማው ዳር እንደ ላጲስ ፍርፋሪ ተልጦ፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ግቢውን ሞልቶታል። ጓደኞቼ ጎማው ውስጥ ያለው የነፋስ ልክ ነገር ነው አሉ። እኔም አመንኩ።

ከዚያ ድንገጎ መጣ። ከሐረር ስመለስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት አካባቢ ነው፤ አስፋልቱ ፀሐይ ሲጠጣ የዋለ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው አፋፍ ተነስቶ በጥምዝ ላይ ጥምዝ እየሆነ 1,200 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ድሬ ይወርዳል። ከኋላዬ ከአወዳይ የመጣ የጫት አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ ይገፋኛል። አንድ ቀኝ ጥምዝ ላይ መሪውን አዞርኩ፤ የመኪናው ኋላ እንደ ጄሊ ተወዛወዘና መሐል መስመሩን ረገጥኩ። ከፊት ለፊት የሚመጣ ሚኒባስ ጥጉን ይዞ አለፈኝ። ባለቤቴ ከጎኔ እጇን ዳሽቦርዱ ላይ ተክላ፣ ከተማ እስክንገባ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ያንን ዝምታ አልረሳውም።

በማግስቱ ሳቢያን ሰፈር ያለው ጎሚስታ ዘንድ ሄድኩ። በዕድሜ የገፋ፣ እጁ ብዙ ጎማ ያየ ሰው ነው። ክሪክ እንኳ አላስገባም። ቁጢጥ ብሎ አውራ ጣቱን ጥርሱ ላይ ተጫነው፤ ጥፍሩ ሰመጠ።

«አቦ፣ ይሄ ማስቲካ ነው እንጂ ጎማ ነው እንዴ? ይሄ ተራራ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የቱ ተራራ ጋሼ?»

የጎማው ጎን ላይ በጣቱ አሳየኝ። ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ ውስጡ የበረዶ ቅንጣት። ሁለት ወር ሙሉ ጎማውን ሳጥብ አይቼው አላውቅም።

ፎቶውን ፊንላንድ ለሚኖረው የአጎቴ ልጅ ላክሁለት። እሱ በበጋቸው ትራክ ላይ፣ በብርዳቸው ደግሞ በረጋ ሐይቅ ላይ እንደ እኔ በአማተርነት ይነዳል። ወዲያው ደወለ። «ይሄን እዚያ ማን ገጠመልህ?» አለና አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኝ።

ተራራው ለበረዶ የተሠራ ጎማ ምልክት ነው። የዚህ ጎማ ላስቲክ የተቀመመው ቅዝቃዜ እንዳያደርቀው ነው። የተለመደው የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች እየደረቀ መያዝ ይቀንሳል፤ የበረዶው ያኔ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ጥርሱ ላይ እንደ ምላጭ የቀጠኑ ብዙ ስንጥቆች አሉት፤ በረዶውን የሚያንሸራትተውን ስስ ውኃ የሚጠርጉት፣ ጠርዛቸውም በረዶውን የሚቧጥጠው እነሱ ናቸው። በሞቀ አስፋልት ላይ ግን እነዚያው ስንጥቆች ጥርሱን ወደ ትናንሽ ልሳኖች ይከፋፍሉትና እያንዳንዱ ለብቻው ይታጠፋል። የመሪዬ መዘግየት ምክንያቱ ይኸው ነው። ሐይቅ ላይ ሲወዳደሩ ደግሞ ይሄም ስለማይበቃ ሚስማር የተተከለበት ጎማ ይገጥማሉ።

ይህን ይዤ ወደ ሻጩ ተመለስኩ። መልሱን ሰምቼ ደሜ ፈላ። «ለስላሳ መሆኑ ምን ችግር አለው? የእሽቅድምድም መኪና ጎማም ለስላሳ ነው፤ የሚይዘው ለዚያ ነው» አለኝ። በወቅቱ መልስ አጣሁ። አሁን አለኝ። አዎ ወንድሜ፣ የእሽቅድምድም ጎማ ለስላሳ ነው። ግን እሱ የተቀመመው ሞቆ እንዲይዝ ነው፤ ቀዝቃዛ ሲሆን ያንሸራትታል፣ ለዚህ ነው ነጂዎቹ መጀመሪያ የሚያሞቁት። ያንተ ጎማ የተቀመመው ቀዝቅዞ እንዲይዝ ነው። በጣት ሲነኩ ሁለቱም ለስላሳ ናቸው። ጥያቄው በስንት ዲግሪ ነው? አንተ የምትሸጠው ደግሞ ድሬዳዋ ላይ ነው።

ስለ ነፋስም አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ከተማ ሁሉም ሰው ተሳስቶበታል። «ሙቀት ነው፣ ነፋስ ቀንስ» ይሉሃል። እኔም ቀንሼ ነበር፤ ባሰበት። ነፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ መተጣጠፉ ራሱ ሙቀት ይፈጥራል። ሙቀቱ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ነፋሱ በ1 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ግድም መጨመሩ እውነት ነው፤ ግን የመኪናው በር ላይ የተጻፈው ልክ ይህን አስቦ ነው የተጻፈው። በጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ይለካል። ከድንገጎ ወርዶ ሞቆ ሲጨምር አይተነፈስም።

አሁን ፍትሐዊ ልሁን፤ አንድ ጠዋት አለ። ታኅሣሥ ላይ ሐረር አድሬ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሳሁ። ሐሮማያ ስደርስ የጫት ማሳው ላይ ውርጭ ወርዷል፤ መስኮቴን ስከፍት ብርዱ ፊቴን ቆረጠው። አስፋልቱ እርጥብ ነው። እዚያ ላይ ይህ ጎማ ሌላ ጎማ ሆነ። መሪውን ስነካው መለሰ፣ ፍሬን ስይዝ ምንም ሳያንሸራትት ቆመ። ስድስት ወር ሙሉ የጠላሁት ጎማ ለምን እንደተሠራ የገባኝ እዚያ ነው፤ የሠሩት ሰዎች ሥራቸውን ያውቃሉ። ደስታዬ ግን ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ። ፀሐይ ወጣች፣ ድንገጎን ወረድኩ፣ ድሬ ስገባ ያው ማስቲካ ነበር።

ቸርኬው ላይ ቅሬታ የለኝም ማለት ይቻላል። ቀላልና ቀጥ ያለ ነው፣ አራቱ ቡሎኖች በልኩ ገቡ። የመሐሉ ቀዳዳ ብቻ ከሞዞው፣ ማለትም ቸርኬው ከሚገባበት የመኪናው እምብርት፣ ሰፊ ስለሆነ በ90 ላይ መሪው ይንቀጠቀጥ ነበር። ባላንስ ሦስት ጊዜ ከከፈልኩ በኋላ ቶርኖ ቤት ሄጄ ክፍተቱን የሚሞሉ አራት የአሉሚኒየም ቀለበቶች አስሠራሁ፤ መንቀጥቀጡ ጠፋ። ቸርኬውን አልለውጠውም።

ጎማውን ግን አወረድኩት። ስገዛው ጥርሱ 7 ሚሊሜትር ነበር፤ በስምንት ወርና በ9,000 ኪሎ ሜትር 3 ሚሊሜትር ቀርቶታል። ያን ቀን ባነብ ኖሮ ጎኑ ላይ ሁሉም ተጽፎ ነበር። 91ኪው ይላል፦ 91 ማለት አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል፣ ኪው ማለት በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳትነዳበት። አሁን የገጠምኩት 91ቪ ነው፤ ቪ እስከ 240 ነው። እኔ 240 አልነዳም፤ ግን ለዚያ ፍጥነት የተሠራ ጎማ ሙቀትን የሚችል አካል አለው። ከሁሉም በላይ «ቴምፕሬቸር ኤ» የሚለውን ፈልጉ፤ ከኤ እስከ ሲ ባለው ደረጃ ሙቀትን በመቋቋም ትልቁ እሱ ነው። በአሮጌው ጎማዬ ጎን ይህ ደረጃ ጭራሽ አልነበረም፤ ለበረዶ ጎማ አይሰጥምና። «ትሬድዌር» የሚለው ቁጥር ደግሞ ትንሽ ሲሆን የሚይዝ ግን ቶሎ የሚያልቅ ነው። የአጎቴ ልጅ ለትራክ 200 ይገጥማል፤ እኔ በየቀኑ ስለምነዳ 340 መረጥኩ። ዶት ከሚለው ቀጥሎ በመጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 3517 ከሆነ በ2017 እ.ኤ.አ. 35ኛው ሳምንት ማለት ነው። ሻጭ ምን አለ ምን፣ ተቀምጣችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ያው ሻጭ ደውሎ አሮጌዎቹን በ12,000 ብር ልግዛህ አለኝ። ገንዘቡ ያስፈልገኝ ነበር፤ አዲሶቹ ብዙ አስወጥተውኛል። ግን ለማን እንደሚሸጣቸውና ምን ብሎ እንደሚሸጣቸው አውቃለሁ፤ ያ ሰው ደግሞ ልጆቹን አሳፍሮ ድንገጎን ይወርዳል። ጎሚስታው ዘንድ ወስጄ የአራቱንም ጎን በቢላ አስቀደድኩ። አሁን ግቢው ውስጥ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ለምልክት ተደርድረዋል፤ እሁድ በአዲሶቹ ጎማዎች ሳልፋቸው የድሮ ሰዓቴን በሁለት ሰከንድ አሻሽያለሁ።