ጂሲሲ-ኮንፊግ፦ ኮምፓይለር ስትቀይሩ ሁለተኛዋ ባላ

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባል የለ? ሶፍትዌሩን ከምንጭ ኮዱ እዚያው ማሽናችሁ ላይ በሚሠራው ጄንቱ ሊኑክስ ላይ ኮምፓይለር፣ ማለትም ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው መሣሪያ፣ የሚቀየረው እንደዚያ ነው። ኮምፓይለሩ ጂሲሲ ይባላል። አዲሱ ጂሲሲ ሲገባ አሮጌው አይነካም። ቨርዥን 13 እና 14 ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ የትኛው እንደሚሠራ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። መምረጫዋ ጂሲሲ-ኮንፊግ ትባላለች፣ ዛሬ የምጽፈው ስለሷ ነው።

ሥራዋ ትንሽ ነው። ዝርዝር ስትጠይቋት የተጫኑትን ቨርዥኖች በቁጥር ትደረድራለች፣ በሥራ ላይ ያለው አጠገቡ ኮከብ አለው። ቁጥር ትሰጧታላችሁ፣ ኮከቡ ቦታ ይቀይራል፣ አለቀ። አዲሱን ኮምፓይለር መገንባቱ ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ ጂሲሲ እንደ ልማዱ ራሱን ሦስት ጊዜ ነው የሚገነባው፣ መጀመሪያ በአሮጌው፣ ከዚያ በራሱ፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና በራሱ፣ በመጨረሻም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አስተያይቶ ልዩነት ካገኘ ሥራውን ያቆማል። ማታ አስጀምራችሁት ተኙ።

የተጫነው ሶፍትዌር ሁሉ ይበላሻል ብሎ የሚፈራ ብዙ ነው። አይበላሽም። ከጂሲሲ ጋር የሚመጣው፣ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ላይብረሪ ከጂሲሲ 3.4 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስሙን አልቀየረም፤ በአሮጌው የተሠራ ፕሮግራም ከአዲሱ ላይብረሪ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ሲስተማችሁን በሙሉ ከዜሮ ኮምፓይል አድርጉ የሚላችሁን ብዙም አትስሙ። የ2015ቱ ጂሲሲ 5 ለየት ያለ ነበር፣ የስትሪንግ (የጽሑፍ ዳታ) አሠራር ስለተቀየረ ላይብረሪውን የሚጠቀሙትን መልሶ መሥራት ግድ ሆኖ ነበር።

የተገላቢጦሹ ግን፣ በአዲሱ የተሠራው ከአሮጌው ላይብረሪ ጋር መሄዱ፣ ዋስትና የለውም፣ እኔን ያቃጠለኝም እሱ ነው። አዲሱን ቨርዥን ሞከርኩት፣ አልተመቸኝም፣ ኮከቡን ወደ አሮጌው መለስኩና አዲሱን አጠፋሁት። በነጋታው ሲሜክ የሚባለው የሶፍትዌር መገንቢያ ፕሮግራም አልነሳም አለ። ተርሚናሉ ላይ አንድ መስመር ብቻ፦ የሚፈለገው የላይብረሪ ቨርዥን አልተገኘም። ለካ በመሃል ሲሜክን በአዲሱ ኮምፓይለር ሠርቼው ኖሯል፣ ላይብረሪውም ከኮምፓይለሩ ጋር አብሮ ጠፍቷል! ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ጂሲሲ-ኮንፊግ የለችበትም። አዲሱን መልሼ ስጭን ሲሜክም ተነሳ፣ ግን ያችን ሌሊት ኮምፓይለር ሲገነባ እያየሁ ነው ያደርኩት።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ከቀየራችሁ በኋላ ክፍት ተርሚናል ካላችሁ ፕሮፋይሉን (የሲስተሙን ቅንብር) እንደገና ጫኑ ትላችኋለች፣ ከዚያ ዝም። ሊብቱል የሚባለው የላይብረሪ መገንቢያ መሣሪያ የኮምፓይለሩን አድራሻ በሆዱ ስለሚይዝ እሱን መልሶ መሥራት እንደሚያስፈልግ፣ ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ውጭ የሚሠሩ ሞጁሎችም ከርነሉ በተሠራበት ኮምፓይለር ቢሠሩ እንደሚሻል ራሳችሁ ማወቅ አለባችሁ። አንዲት መስመር ብትጨምር ምን ነበረበት?

ደግሞ ዋናው ችግር የሚመጣው ከተጫነው ሳይሆን ገና ከሚጫነው ነው። በ2024 የወጣው ጂሲሲ 14፣ የሲ ቋንቋ ኮድ ላይ ድሮ በማስጠንቀቂያ ያልፈው የነበረውን ዛሬ ኧረር ብሎ ይጥለዋል፤ ለምሳሌ ሳይታወጅ የተጠራ ፈንክሽን። ጂሲሲ 15 ደግሞ አዲሱን የሲ ቋንቋ ደረጃ፣ ሲ23ን፣ ነባሪ አደረገ፣ ባዶ ቅንፍ ያላቸው የጥንት ፈንክሽኖች እዚያ ጋ ይንገዳገዳሉ። ያኔ ነው የጂሲሲ-ኮንፊግ ጥቅም የሚገባችሁ። ኮከቡን ወደ 13 መልሱ፣ ያንን እልኸኛ ፓኬጅ ሥሩ፣ ወደ 14 ተመለሱ። ለ14 ፐርሚሲቭ የሚባለው ፍላግም (የኮምፓይለር አማራጭ) አብዛኛውን ወደ ማስጠንቀቂያ ዝቅ ያደርገዋል፣ እኔ ግን ኮከቡን ማንቀሳቀስ ይቀለኛል።

ከአምስት አራት ሰጥቻታለሁ። የማያስፈልጉ ፓኬጆችን የሚያጸዳው ዲፕክሊን አሮጌውን ኮምፓይለር ላጥፋ ብሎ ሲጠይቃችሁ ብቻ አትቸኩሉ፤ እኔ ከርነሌ በአዲሱ ተሠርቶ ማሽኑ እስኪነሳና አንድ ሙሉ አፕዴት ያለ ኧረር እስኪያልፍ አልነካውም።